እርሳሱን አትቀሙን

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዱ ወዳጄ ከሥሩ «ይሄ ለናንተ የቅዳሜ ንባብ የተጻፈ ይመስላል» ብሎ ጨምሮበታል። ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጸሐፊው ብዕር አላቸው። ያደጉት እዚሁ ጅማ ነው። በ2000 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ፣ መርካቶ አካባቢ ከአንድ መጽሐፍ አዟሪ ስለ ባራክ ኦባማ የተጻፈ ቀጭን መጽሐፍ ገዙ። ሰውየው ያኔ ገና ለፕሬዝዳንትነት እየተወዳደረ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ አነበቡት። ሊነጋጋ ሲል ጨረሱት። «እኔም እችላለሁ» ብለው ተነሱ፤ ተምረውም ለቁም ነገር በቁ። እስከዚህ ድረስ ምንም ጠብ የለንም። እንዲያውም ታሪኩን ሳነብ ደስ ብሎኛል።

ከዚያ ግን ወደ ምክር ይገባሉ። አዲስ ብቅ ያለ ፖለቲከኛን የሚያደንቅ አጭር የሕይወት ታሪክ ስታገኙ በሙሉ ልብ አንብቡት፣ በጥርጣሬ አትመርምሩት ይላሉ። አምስት ምክንያት ይሰጣሉ። እንዲህ ያሉ መጽሐፎች ያደንቃሉ እንጂ አይዋሹም፤ ይህ አንድ። ማጠራቸው ለማያነብ ትውልድ በር ይከፍታል፤ ይህ ሁለት። አስተዳደጉ የሰውየውን ልብ ያሳያል፣ ችግርን ያየ ሰው ችግረኛን አይረሳም፤ ይህ ሦስት። መሪን እያወደሱ መጻፍ የአባቶቻችን ወግ ነው፣ ትችቱ ከውጭ የመጣ ነው፤ ይህ አራት። በመጨረሻም፣ ገና እየወጣ ያለን ሰው በጥያቄ ማዋከብ ምቀኝነት ነው፣ ጊዜ ይፍረደው ይላሉ። አሳጥሬ ያጎደልኩባቸው ነገር ካለ ይቅርታ። ሐሳባቸውን ግን ያጣመምኩ አይመስለኝም።

ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። አላሳልፍ ያለችኝ «ምቀኝነት» የምትለዋ ቃል ናት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈር ልጆች እኔ ቤት በረንዳ ላይ ተሰብስበው ያነባሉ። ቤቴ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ስምንት ዘጠኝ ይሆናሉ። በቅርቡ ያነበብነው ይህንኑ ዓይነት መጽሐፍ ነበር፤ እኔም በዚያው ዘመን የገዛሁት አንድ አለኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል የሚማር የጎረቤቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ እመለስበታለሁ። በሳምንቱ ሌላው ልጅ ይህን ጽሑፍ ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ አነበበ። «ምቀኛ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ጠያቂውን አየው። ልጆቹ ሳቁ። ጠያቂው ያን ቀን እስክንበተን ድረስ ቃል አልተነፈሰም። ይህን ምላሽ የምጽፈው ለእሱም ጭምር ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ምሳሌዎቼን የማመጣው በአብዛኛው ከሩቅ ነው። የዛሬውን የአገራችንን ፖለቲከኛ ስም ብጠራ ግማሹ አንባቢ «የእነ እገሌ ነው» ብሎ ይዘጋኛል። ግማሹ ደግሞ ክርክሩን ሳያይ ያጨበጭብልኛል። ሁለቱም አይጠቅመኝም። ጸሐፊውም ያነሱት ኦባማን ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

እኔ የገዛሁት የኦባማ መጽሐፍ ይኸው ፊቴ ነው። 72 ገጽ ነው። በሁለት ሽቦ የተሰፋ ነው። የጅማ እርጥበት ጠርዙን አሳብጦታል። ሽፋኑ ላይ ሰውየው ቀና ብሎ ሩቅ ያያል። ገጾቹን ቆጠርኳቸው። ልጅነቱ 31 ገጽ ይዟል፤ ሆኖሉሉ፣ ጃካርታ፣ እናቱ፣ አያቶቹ፣ ኬንያዊው አባቱ። ትምህርቱ 18 ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ቦስተን ላይ በፓርቲው ጉባኤ ያደረገው ንግግር ብቻውን 9 ገጽ አለው። በኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት የሠራበት ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ጊዜስ? 3 ገጽ።

ከሦስቱ የመጀመሪያው ገጽ፣ ገጽ 52፣ እንዲህ ብሎ ይነሳል፦ «በአካባቢው ሕዝብ ፍቅር ተመርጦ ምክር ቤት ገባ።» ውሸት ነው? አይደለም። ተመርጧል። የሆነውን ግን እዩት። ወንበሩ አሊስ ፓልመር የተባሉ የግዛቱ ሴናተር ነበር። እሳቸው ለፌዴራሉ ኮንግረስ ለመወዳደር ሲነሱ ኦባማ እንዲተካቸው ደገፉት። ኮንግረሱ አልተሳካላቸውም። ወደ ወንበራቸው መመለስ ፈለጉ። በጥድፊያ የድጋፍ ፊርማ አሰባሰቡ። የኦባማ ወገን የእሳቸውንም የሌሎቹን ተወዳዳሪዎችም ፊርማ እየመረመረ ተቃውሞ አቀረበ። ፓልመር ከውድድሩ ወጡ፤ ሌሎቹም ከዝርዝሩ ተሰረዙ። እ.ኤ.አ. በ1996 በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ኦባማ ብቻውን ቀረበ። አካባቢው የእሱ ፓርቲ የዴሞክራቶች ስለነበር፣ የውስጥ ምርጫውን ያለፈ ሰው ወንበሩን ያዘ ማለት ነው።

ሕገ ወጥ ነገር አልሠራም። ደንቡ የፈቀደለትን ነው ያደረገው። ፊርማው ጉድለት ባይኖርበት ተቃውሞው አይሠራም ነበር። ግን ይህ ታሪክ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል። ቆፍጣና መሆኑን፣ ደንብ ማወቁን፣ ሲያስፈልግ ትናንት የደገፈውን ሰው ፊት ለፊት መግጠም መቻሉን። «በሕዝብ ፍቅር» የምትለው ሐረግ ይህን ሁሉ ውጣለች።

የልጁም ጥያቄ እዚሁ ላይ ነው። መጽሐፉ የምክር ቤቱን መጀመሪያ ዓመታት በአንድ አንቀጽ ያልፍና ገጽ 54 ላይ ዘሎ 2004 ያርፋል። ልጁ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ መካከል ላይ የት ሄደ?» አለኝ። እኔ መልሱን አውቀው ነበር፤ አልነገርኩትም። «ፈልግ» አልኩት።

መካከል ላይ የሄደው ሽንፈት ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ቦቢ ረሽ የተባሉትን ነባር የኮንግረስ አባል በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ሊገጥም ተነሳ። ክፉኛ ተሸነፈ። ረሽ ከእጥፍ በላይ ድምፅ አገኙ። ከአራት ዓመት በኋላ ቦስተን ላይ ያን ንግግር ያደረገው ይህ የተሸነፈ ሰው ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያ ዓመት የለም።

ስለዚህ ጸሐፊው «አይዋሹም» ሲሉ በቃሉ ጠባብ ትርጉም ልክ ናቸው። አምኜ እቀበላለሁ። መጽሐፉ ውስጥ አንድም የፈጠራ ነገር አላገኘሁም። ጥያቄው ግን የተጻፈው እውነት ነው ወይ ብቻ አይደለም። እኛ የቡና አገር ሰዎች ነን። ነጋዴ ከጆንያው አፍ ላይ ለቅሞ ያስቀመጠው ቡና እውነተኛ ቡና ነው። ማንም «ይሄ ቡና አይደለም» አይልም። ገዢ ግን እጁን እስከ ክርኑ ድረስ ጆንያው ውስጥ ይከታል። ከሥር የሚወጣውን ያያል፣ ያሸታል። ይህን ሲያደርግ ነጋዴው አይቀየምም። ንግዱ እንዲህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ ሽንፈቱን አግኝቶ መጣ። ከስልኩ ላይ ያገኘውን በወረቀት ገልብጦ ይዞ ነው የመጣው። ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አሁን ነው የወደድኩት» አለኝ። ፊቱ በርቶ ነበር። ባለፈው ሴሚስተር በሒሳብ ወድቆ ቤት ውስጥ አንገቱን ደፍቶ የከረመ ልጅ ነው። በአያቶቹ ሳሎን ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ መሪ ሆኖ ያደገ ሰው ለእሱ ምኑም አይደለም። በእጥፍ ድምፅ ተሸንፎ እንደገና የተነሳ ሰው ግን ዘመዱ ነው። የጸሐፊው ዓላማ ወጣቱን ማነሳሳት ከሆነ፣ መጽሐፉ ያስቀረው ገጽ ነው የበለጠ የሚያነሳሳው።

ስለ ማጠር ያሉት ላይ ብዙ አንጣላም። ልጆቻችን አያነቡም የሚለው ሮሮ ትንሽ ይጋነናል እንጂ፣ ቀጭን መጽሐፍ በር መሆኑ እውነት ነው። እኔም ራሴ በእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ነው የገባሁት። 700 ገጽ መጽሐፍ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ማሸከም ንባብን ማስጠላት ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ትክክል ናቸው።

ግን ማጠር ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም። አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1859 ጄሲ ፌል ለተባለ ወዳጁ የራሱን ሕይወት ታሪክ ጽፎ ላከ። ሰውየው የፈለገው ለጋዜጣ እንዲሆነው ነበር። የሊንከን ስም ለፕሬዝዳንትነት መነሳት በጀመረበት ወቅት ነው። ጽሑፉ ጥቂት ገጽ ብቻ ነው። ሊንከን አብሮ በላከው ደብዳቤ፣ ታሪኩ ብዙ ያልሆነው እኔም ብዙ ስላልሆንኩ ይመስለኛል ብሎ ጻፈ። ወላጆቹ ስም ከሌለው ቤተሰብ መሆናቸውን አልደበቀም። ትምህርቱ እዚህ ግባ የማይባል መሆኑን ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ1832 ለግዛቱ ምክር ቤት ተወዳድሮ በሕዝብ ድምፅ መሸነፉንም አስገባ። ድምፅ እየፈለገ ያለ ሰው፣ በጥቂት ገጽ፣ ስለ ራሱ እየጻፈ፣ ሽንፈቱን አልዘለለም። የእኛው የ72 ገጽ መጽሐፍ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ቦታ አጣሁ ሊል አይችልም።

ስለ አስተዳደግ የተባለው ባጭሩ የሚመለስ ነው። «ችግርን ያየ ችግረኛን አይረሳም» የሚለው ለጆሮ ይጥማል። ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ስታሊን የጫማ ሠሪ ልጅ ነው። ጎሪ በምትባል ትንሽ ከተማ እናቱ ሰው ቤት እያጠበች እየሰፋች አሳደገችው። ችግረኛውን ገበሬ ምን እንዳደረገው ዓለም ያውቃል። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ደግሞ የሀብታም ቤት ልጅ ነው፤ ችግር የሚባል ነገር በልጅነቱ አላየም። የአሜሪካ ሽማግሌ ጡረታ እንዲያገኝ፣ ሥራ ያጣ ሰው ድጎማ እንዲያገኝ ያደረገውን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1935 የፈረመው እሱ ነው። ልጅነት ሰውን አይነካም አልልም። የሚነካው ግን በየአቅጣጫው ነው። አንዱን ያራራዋል፣ ሌላውን ያደነድነዋል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው 31ዱ ገጽ ላይ ሳይሆን በሦስቱ ገጽ ላይ ነው፤ ሥልጣን ትንሽ ሲቀምስ ምን እንዳደረገ በሚናገሩት ላይ።

አሁን ወደ ወጋችን። ይህኛው ነጥባቸው አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም ወጋችንን ግማሹን ነው ያዩት።

መሪን እያወደሱ መጻፍ ወግ እንደነበር አልክድም። ዜና መዋዕሎቻችን ብዙዎቹ የተጻፉት በቤተ መንግሥት ሰው ነው። ግን አጼ ቴዎድሮስን ውሰዱ። ደብተራ ዘነብ እያደነቁ ጽፈዋል። ዜና መዋዕላቸው ግን በንጉሡ ዘመን አጋማሽ ገደማ ላይ ይቆማል፤ ገና በወጣው ፀሐይ ላይ። አለቃ ወልደ ማርያምም ጽፈዋል። የእሳቸው ግን እስከ መቅደላ ድረስ ይሄዳል፣ ጭካኔውንም ሳይደብቅ ይናገራል። ሁለቱም አማርኛ ናቸው። ሁለቱም የእኛ ናቸው። ትችቱን የተዋስነው ከሆነ አለቃ ወልደ ማርያም ከማን ተዋሱት?

ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝም አሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ስለ አጼ ምኒልክ ዘመን ሲጽፉ፣ እውነተኛ ታሪክ ለመጻፍ ሦስት ነገር ያስፈልጋል አሉ። የተደረገውን የሚያስተውል ልቦና፣ በተደረገው ላይ ሳያዳላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያዩትንና የፈረዱትን የሚናገሩበት የጠራ ቋንቋ። የአገራቸውን ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ መስፈርት ወቅሰዋል። ምኒልክን አልጠሉም። አገራቸውን ስለሚወዱ ነው የጠየቁት።

«ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ያልነው እኛ ነን። «እረኛ ምን አለ?» ብሎ የሚያስጠይቅ ንጉሥ እንደነበርም የምንተርከው እኛው ነን። ራቅ ብላችሁ ቦረና ብትሄዱ ጉሚ ጋዮ አለ። በየስምንት ዓመቱ ሕዝቡ ተሰብስቦ የአባ ገዳውን ሥራ ያያል። መሪን መመርመር ከውጭ የመጣ ነው የሚል ሰው እዚያ ጉባኤ ላይ አንድ ቀን ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

ደግሞ ከጅማ የወጣ ሰው ይህን ማለቱ። ጸሐፊው ጅሬን ወጥተው የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሳያዩ አላደጉም። ያ የእንጨት ሰገነት ላይ ቆሞ ከተማውን ቁልቁል ያላየ የጅማ ልጅ ማን አለ? እዚያ የሚነገረው አጭር ታሪክ ሁላችንም በቃላችን የምንለው ነው። ረጅም፣ ግርማ ያለው፣ ንግድ የሚወድ፣ ለምኒልክ ገብሮ አገሩን ከጦርነት ያዳነ ንጉሥ። እውነት ነው። ጎረቤት ካፋ ተዋግቶ እ.ኤ.አ. በ1897 ሲወድቅ የደረሰበትን ለሚያውቅ፣ ጅማ ንጉሡ እስካረፉበት እስከ 1932 ድረስ የራሷን አስተዳደር ይዛ መቆየቷ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔም አባ ጅፋርን አደንቃለሁ። ልጅ ይዤ ወጥቼ በኩራት አሳይቻለሁ።

ግን ያቺ አጭር ታሪክ ሁለት ነገር ታስቀራለች። አንደኛው እናታቸው ናቸው። ጌኔ ጉሚቲ። ከምኒልክ ጋር በሰላም መስማማትን የመከሩት እሳቸው እንደነበሩ የጅማ ሽማግሌዎች ይናገራሉ። አወዳሽ ታሪክ አንድ ሰው ብቻ ማቆም ስለሚወድ እናቲቱን ከበስተኋላ ይተዋቸዋል። ሁለተኛው የሂርማታ ገበያ ነው። በዚያ ገበያ ማር፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይሸጥ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር። የመንግሥቱ ብልጽግና ከባሪያ ንግድ ጋር የተሳሰረ ነበር። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አንዷ ልጅ «ታዲያ ለምን አደነቅነው?» አለችኝ። አልመለስኩላትም፤ ሌሎቹ መለሱላት። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። ከአንድ ሰዓት ክርክር በኋላም አባ ጅፋር ከነቁመታቸው እዚያው ቆመዋል። የቀረ ነገር ቢኖር «ፍጹም ነበሩ» የሚለው ብቻ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ ይከብደኛል። ገና እየወጣ ነውና ተዉት፣ ጊዜ ይፍረደው የሚለው።

እስቲ እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ መቼ እንደሚወጣ አስቡት። ሰውየው ሥራውን ጨርሶ ጡረታ ሲወጣ አይደለም። ሊመረጥ፣ ሊሾም፣ ከፍ ሊል ሲል ነው። ገዢው ገንዘቡን ሳይከፍል በፊት ማለት ነው። ጊዜ ሲፈርድ እኮ የሚፈርደው ተመርጦ ካበቃ በኋላ ነው። ያኔ ማን ይመልሳል? «ሳይቃጠል በቅጠል» ያለው ሰው ይህን ያውቅ ነበር።

ከአሜሪካ ሁለት ታሪክ ልጨምር፤ እንዲህ ዓይነቱን መጽሐፍ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ1852 ፍራንክሊን ፒርስ ለፕሬዝዳንትነት ሲወዳደር የሕይወት ታሪኩን የጻፈለት ናትናኤል ሆቶርን ነው። ሆቶርን የታወቀ የልቦለድ ደራሲ ነው፤ የፒርስ የኮሌጅ ጓደኛም ነው። ጓደኝነቱን መጽሐፉ መግቢያ ላይ ራሱ ተናግሯል፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ፒርስ ተመረጠ። በዓመቱ ሆቶርን ሊቨርፑል ላይ ቆንስል ተደርጎ ተሾመ፤ ጥሩ ገንዘብ የሚያስገኝ ሹመት ነበር። ፒርስስ? እ.ኤ.አ. በ1854 የካንሳስ ኔብራስካን ሕግ ፈረመ። ሕጉ ባርነት ተከልክሎበት ወደነበረ ምድር ባርነት እንዲገባ በር ከፈተ፣ ካንሳስ ውስጥ ደም ፈሰሰ። በቀጣዩ ምርጫ የገዛ ፓርቲው እንኳ መልሶ አላቀረበውም።

ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1860፣ ሊንከን ሲወዳደር ዊልያም ዲን ሃወልስ የሚባል የ23 ዓመት ወጣት የሕይወት ታሪኩን ጻፈ። ሊንከንን አግኝቶት አያውቅም። ሌላ ሰው ሄዶ ባመጣለት መረጃ ነው የጻፈው። ሊንከን አሸነፈ። ሃወልስ ቬኒስ ላይ ቆንስል ሆነ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጓቸው። ሁለቱም አድናቆት ናቸው። ሁለቱም አጭር ናቸው። የሁለቱም ጸሐፊዎች ሹመት አግኝተዋል። አንዱ የተጻፈለት ሰው አገሩን ወደ ገደል የገፋ ተብሎ ይታወሳል። ሌላው አገሩን ከመበተን ያዳነ፣ ባሪያ ነጻ ያወጣ ተብሎ። ከመጽሐፎቹ አድናቆት ብቻ ተነስቶ የትኛው የትኛው እንደሚሆን ማን ይለይ ነበር? አድናቆቱ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ነው። የሚለየው ሥራቸው ነው፤ ሥራው ደግሞ ከመጽሐፉ ውጭ ነው የሚፈለገው።

እዚህ ላይ ነው ከሁሉ በላይ የምወደው ታሪክ ያለው። በዚያው በ1860 ክረምት ሳሙኤል ፓርክስ የሚባል የሊንከን ወዳጅ የሃወልስን መጽሐፍ ይዞ ወደ ሊንከን ሄደና እንዲያርምለት ጠየቀው። ሊንከን ተቀምጦ ስለ ራሱ የተጻፈውን አወዳሽ መጽሐፍ አነበበ። በእጁ እርሳስ ይዞ። ስህተት ያየበት ቦታ ላይ ጠርዙ ላይ አረመ። ያ ቅጂ ጠፍቶ አልቀረም፤ እርማቱም ይታያል። የተወደሰው ሰው ራሱ በእርሳስ ያነበበውን መጽሐፍ፣ እኔ የፈረንጅ አራዳው አንባቢ በባዶ እጄ ማንበብ ያለብኝ ለምንድን ነው?

ስለ ምቀኝነት ደግሞ ይህን ልበል። ሰውን ለመጣል ብቻ የሚጠይቅ ሰው አለ። አይቻለሁ። መልሱን የማይፈልግ፣ ጥያቄውን ብቻ የሚወድ። እሱን ጸሐፊው ምቀኛ ቢሉት አልቃወምም። ግን ቃሉን ለሁሉም ጠያቂ አደሉት። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ የልጅቷ ቤተሰብ ወዲያው «እሺ» አይልም። ቀጠሮ ይሰጣል። በዚያ ቀጠሮ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። የልጁ ሥራ ይጠየቃል፣ ጠባዩ ይጠየቃል፣ ከዚህ በፊት ያገባ እንደሆነ ይጠየቃል። ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ሁሉ ውዳሴ መሆኑ ስለሚታወቅ ነው። ማንም ያንን ቤተሰብ ምቀኛ ብሎ አያውቅም። ለልጃቸው ያስባሉ ይባላል። አንዲት ልጅ ለመስጠት ይህን ያህል የምንጠይቅ ሰዎች፣ ከተማና አገር ለመስጠት አንድ የጥያቄ ምልክት በእርሳስ ማድረግ ነውር ሊሆንብን አይገባም።

ጸሐፊውን ሳልጠይቅ ጨርሼ አልሄድም። ያን ሌሊት በሻማ ያነበቡት መጽሐፍ ዛሬም እጅዎ ላይ ካለ እንደገና ያንብቡት። እርሳስ ይያዙ። ሲያነቡ ደስታው ይቀንስ እንደሆነ ይዩት። ለእኔ አልቀነሰም።

ወደ ጅማ ብቅ ሲሉም ቤቴን ያውቁታል ባይ ነኝ፤ ፈረንጅ አራዳ ማንንም ቢጠይቁ ያሳይዎታል። ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በረንዳው ላይ ነን። ቡናው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚፈላው። መጽሐፍዎን ይዘው ይምጡ። ልጁ ገጽ 54ን ሊያሳይዎት ይፈልጋል።